እናትነት በአንድ ሌሊት

ስለ ጃፓን ድርጭት የሚጽፉ የእርባታ መመሪያዎች አንድ ነገር ሳይናገሩ አያልፉም፤ ይህች ወፍ እንቁላል እንጂ እናትነት የላትም ይላሉ። በስድስት ወይም በሰባት ሳምንት ዕድሜዋ መጣል ትጀምራለች። ደህና መኖና ረዥም ብርሃን ካገኘች በየዕለቱ ለማለት በሚቻል ሁኔታ እየጣለች ወራትን ትዘልቃለች፤ የጣለችውን ግን ዞር ብላ አታየውም። እንቁላሉ ተሰብስቦ ወደ መፈልፈያ ማሽን ይገባል፤ በአሥራ ሰባተኛው ወይም በአሥራ ስምንተኛው ቀን ጫጩቱ ቅርፊቱን ሰብሮ ይወጣል፤ ከዚያም በመብራት ሥር ያድጋል። መመሪያዎቹ ምክንያቱንም ያክሉበታል፤ ለብዙ ትውልድ በእንቁላል ብዛት ስትመረጥ የኖረች ወፍ የማቀፍ ደመ ነፍሷን አጥታለች ይላሉ።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ አባባል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለዋል። «አታቅፍም» የሚለው ዓይን ያየው ነገር ነው። «ደመ ነፍሷን አጥታለች» የሚለው ደግሞ ዓይን ካየው ተነሥቶ አእምሮ የሰጠው ፍርድ ነው። የመጀመሪያውን አንክድም። ሁለተኛውን ግን እንቃወማለን፤ የምንቃወመውም ለወፏ ስለምናዝን ሳይሆን፣ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የተደጋገሙ ሙከራዎች ስለሚቃወሙት ነው። የሥራ ባልደረቦቻችን «ፊዚክስና ድርጭት ምን አገናኛቸው?» ብለው እንደሚስቁብን እናውቃለን። መገናኛው ወደ ኋላ ይታያል። በጽሑፋችን ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

በ1976 ዓ.ም. ኤክሃርድ ሄስ የተባሉት ተመራማሪ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በጃፓን ድርጭት ላይ የወላጅነትን ባሕርይ እንዴት መቀስቀስ እንደሚቻል የሚገልጽ ጥናት አሳተሙ። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን በስፋት የያዙት በፈረንሳይ አገር በሬን ዩኒቨርሲቲ ማሪ አኒክ ሪሻር ኢሪና ባልደረቦቻቸው ናቸው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ምናልባትም ለማመን የሚያስቸግረው ይኸው ቀላልነቱ ነው። በምሽት አንዲት ጎልማሳ እንስት እንደ ልብ መዘዋወር በማይቻልበት ጠባብ ሳጥን ውስጥ ትገባለች። ይህች እንስት እንቁላል አቅፋ አታውቅም፤ ራሷም በማሽን ተፈልፍላ እናት ሳታይ ያደገች ልትሆን ትችላለች። ብርሃኑ ሲጠፋ ከተፈለፈሉ አንድ ቀን ገደማ የሆናቸው ሦስት ወይም አራት ጫጩቶች ከሥሯ ይደረጋሉ። ሳጥኑ ይዘጋል፤ ሌሊቱ ያልፋል። ጠዋት ሲከፈት ከእንስቶቹ ብዙዎቹ ላባቸውን ነፋ፣ ክንፋቸውን ዘርጋ አድርገው የባዕድ ጫጩቶችን ከሥራቸው ይዘው ይገኛሉ። ከሳጥኑ ሲወጡ በለሆሳስ እየጠሩ ያስከትሏቸዋል፤ ጥሬ ሲያገኙም ድምፅ አሰምተው ያሳዩአቸዋል። ትናንት ማታ «እናትነት የሌላት» የተባለች ወፍ ዛሬ ጠዋት ጉዲፈቻ አሳዳጊ ሆናለች።

ሁሉም እንዲህ አይሆኑም። ጫጩቶቹን ችላ የሚሉ አሉ፤ ከዚያም አልፈው ራስ ራሳቸውን የሚጠቀጥቁ አሉ። የጫጩቱ ዕድሜም ወሳኝ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ ያለ ጫጩት ሙቀት ወዳለበትና ድምፅ ወደሚሰማበት ይጠጋል፤ ቀናት በጨመሩ ቁጥር ግን ማንን መከተል እንዳለበት ወስኖ ያበቃል፣ እንግዳውንም ይፈራል። ኮንራድ ሎሬንዝ በ1935 በዝርዝር የጻፉትና በ1973 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩባቸው ሥራዎች አንዱ የሆነው ይህ በለጋ ዕድሜ የሚታተም የመከተል ባሕርይ ነው። ስለዚህ ጉዲፈቻው የሁለት ወገን ውል ነው፤ እናቲቱ መቀበል አለባት፣ ጫጩቱም መቀበል አለበት።

በዚያች ሌሊት ምን ሆነ? ሆርሞን ነው ብሎ መገላገል ይቀናል። እንቁላል በምታቅፍ ዶሮ ደም ውስጥ ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ከፍ እንደሚል፣ መጣልም እንደሚቋረጥ የታወቀ ነው፤ ኦስካር ሪድልና ባልደረቦቻቸው ይህን ሆርሞን ለይተው ስም የሰጡት በ1933 ሲሆን፣ ዶሮን በእርሱ ማሳቀፍ እንደሚቻልም ብዙ ሳይቆዩ አሳይተዋል። የእኛ ድርጭት ግን አሥራ ሰባት ቀን በእንቁላል ላይ አልተቀመጠችም። በሌላ በር ነው የገባችው። ከሆዷ ሥር የሚንቀሳቀስ፣ የሚሞቅ፣ የሚጮኽ ነገር ነበር፤ ጨለማው ከመሸሽና ከመጠቅጠቅ አገዳት፤ ጠባቡ ሳጥን ንክኪውን አላቋረጠባትም። የዚህ ዓይነት ነገር በአጥቢ እንስሳትም ታይቷል። ጄይ ሮዘንብላት በ1967 እንዳሳዩት፣ ወልደው የማያውቁ አይጦች፣ ወንዶቹም ሳይቀሩ፣ ከግልገሎች ጋር ለቀናት ሲቀመጡ የእናትን ሥራ መሥራት ይጀምራሉ።

እኛ በሙያችን ለዚህ የሚቀርብ ምሳሌ እናውቃለን። ንጹሕ ውሃ በጥንቃቄ ከቀዘቀዘ ከዜሮ ዲግሪ በታች ወርዶም ሳይረጋ ይቆያል። ያን ውሃ ያየ ሰው «ይህ ውሃ በረዶ የመሆን ጠባዩን አጥቷል» ቢል እንስቅበታለን፤ አንዲት የበረዶ ፍንካች ብትጣልበት ወዲያው ይረጋልና። ምሳሌው ምሳሌ ብቻ ነው፤ ወፍ ውሃ አይደለችም፣ ዘረ መልም ክሪስታል አይደለም። ሆኖም አንድ ነገር ግልጽ ያደርግልናል። የአንድን ነገር ጠባይ ስንናገር በምን ሁኔታ እንደ ለካነው አብረን ካልተናገርን ዓረፍተ ነገሩ ገና አላለቀም። «የጃፓን ድርጭት አታቅፍም» ለሚለው ዓረፍተ ነገር የጎደለው ማሰሪያ «በሽቦ ጎጆ ውስጥ፣ እንቁላሏ በየዕለቱ እየተወሰደባት፣ ጫጩት ሳታይ» የሚለው ነው። አንዳንድ ለማዳ ድርጭቶች ሰፊና መሸሸጊያ ያለው ቦታ ሲያገኙ ራሳቸው ጎጆ ሠርተው እስከ መፈልፈል ድረስ እንደሚያቅፉ ተመራማሪዎችም አርቢዎችም ጽፈዋል። ምርጫው ያደረገው ደጃፉን ከፍ ማድረግ ይመስለናል፤ ቤቱን ግን አላፈረሰውም።

አሁን ወደ መገናኛው እንምጣ። አንዲት ጎልማሳ ድርጭት 140 ግራም፣ አዲስ የተፈለፈለ ጫጩት ደግሞ 7 ግራም ይመዝናሉ እንበል። የክብደታቸው ውድር 20 ነው። ቅርጻቸውን ተመሳሳይ አድርገን ብንወስድ፣ ሙቀት የሚወጣበት ገጽ በርዝመት ካሬ፣ ሙቀት የሚመነጭበት ይዘት ደግሞ በርዝመት ኪዩብ ያድጋል። ስለዚህ ጫጩቱ ለእያንዳንዱ ግራም ክብደቱ ከአዋቂዋ 2.7 እጥፍ የሚሆን ገጽ ለብርድ ያጋልጣል፤ 2.7 × 2.7 × 2.7 ወደ 20 ይጠጋልና። በዚህ ላይ ጫጩቱ የለበሰው ስስ ጸጉር እንጂ ላባ አይደለም። የአዋቂ ወፍ የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን፣ የአንድ ቀን ጫጩት በ20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ብቻውን ቢተው ሙቀቱን ሊጠብቅ አይችልም። አርቢዎች በመጀመሪያው ሳምንት 35 ዲግሪና ከዚያም በላይ የሚያዘጋጁለት፣ ቀስ በቀስም የሚቀንሱለት በዚህ ምክንያት ነው። ጫጩቶች ተጠጋግተው የሚተኙትም ያንኑ የገጽ ስፋት ለመቀነስ ነው፤ አራቱ ተጣብቀው አንድ ትልቅ አካል ይሆናሉ።

ለዚህ ሥራ የተለመደው መሣሪያ 250 ዋት የሚፈጅ የታሕተ ቀይ ጨረር መብራት ነው። 140 ግራም የምትመዝን ወፍ በዕረፍት ጊዜዋ የምታመነጨው ሙቀት በግምት አንድ ዋት ቢሆን ነው። ለመብራቱም ፍትሕ እንስጠው፤ አንዱ መብራት መቶ ጫጩት ያሞቃል ብንል ለእያንዳንዱ 2.5 ዋት ይደርሰዋል። ድርጭቷ ግን ያችን አንድ ዋት ገደማ ለራሷ ስትል ማመንጨቷ አይቀርም፤ አራቱ ጫጩቶች በአመዛኙ የሚሞቁት ወደ አየር ሊባክን በነበረው ሙቀት ነው። መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ደግሞ ስሌቱ ሌላ መልክ ይይዛል፤ የቱ ወገን እንደሚያሸንፍ ለአገራችን አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገንም።

ከዋቱ ይልቅ እኛን የሚማርከን ቁጥጥሩ ነው። መብራት አይሰማም። ጫጩት ሲበርደው ከፍ ባለ ድምፅ እየደጋገመ ይጮኻል፤ እናቲቱ ያን ሰምታ ዝቅ ትላለች፣ ላባዋን ትከፍታለች፤ ጫጩቱ ይገባል፣ ድምፁ ይለዝባል፤ ሲሞቀው ወጥቶ ይለቅማል፣ ሲበርደው ይመለሳል። በመቆጣጠሪያ ሥርዓት ትምህርት ግብረ መልስ የምንለው ይኸው ነው። ቴርሞስታት የተገጠመለት መብራት እንኳ የሚለካው የአየሩን ሙቀት እንጂ የጫጩቱን ብርድ አይደለም። ደግሞም ከእናት ሥር ጨለማ ነው። በእናት የሚያድጉ ጫጩቶች ቀኑን በመንቀሳቀስና በማረፍ ተራ ተከፍሎ ያሳልፉታል፤ አንዱ ሲተኛ ሌላው አይረግጠውም። በዶሮ ጫጩቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ከእናት ሥር እንዳለው ዓይነት ጨለማና ሞቃት መጠለያ ያገኙት በኋላ እርስ በርሳቸው ላባ መንቀላቸው ይቀንሳል።

በ1990 በሚር የጠፈር ጣቢያ ላይ የድርጭት እንቁላሎች በማሽን ተፈልፍለው ነበር፤ በጠፈር የተፈለፈሉት የመጀመሪያዎቹ ወፎች እነዚህ ናቸው። ሙቀቱም ርጥበቱም ተሟልቶላቸው ሳለ፣ ጫጩቶቹ ክብደት በሌለበት አካባቢ ራሳቸውን የሚያቆሙበት ስላልነበራቸው በአየር ላይ እየተንሳፈፉ መመገብ አቃታቸው፤ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። የጎደላቸው እናት ሳትሆን ክብደት ነበር፤ ይህን አናምታታም። ታሪኩን የምናነሣው መሐንዲስ «ጫጩት የሚያስፈልገው ይህ ይህ ነው» ብሎ የሚያወጣው ዝርዝር ሁልጊዜ ከጫጩቱ ዝርዝር ማጠሩን ስለሚያሳይ ነው።

ከዝርዝሩ ውስጥ በብዛት የሚረሳው ጠባይ ነው። ሚልስና ፎር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1991 ባሳተሙት ሥራ ድርጭቶችን በፍርሃታቸው መጠን ለያይተው አራቡ። መለኪያው እንዲህ ነው፦ ወፏን በጀርባዋ አስተኝቶ ለጥቂት ሰከንድ ይዞ መልቀቅ፤ ከዚያ ሞት መስላ ሳትንቀሳቀስ የምትቆይበትን ጊዜ መቁጠር። ቶሎ የሚነሡት ለብቻ፣ ረዥም ጊዜ የሚቆዩት ለብቻ እየተዳቀሉ ሁለት ዘሮች ወጡ። በዚህ ብቻ የሚያይ ሰው ፍርሃት የዘር ጉዳይ ነው ብሎ መዝገቡን ይዘጋል። የሬኖቹ ተመራማሪዎች ግን በ1976 የተገለጸውን ዓይነት ጉዲፈቻ እንደ መሣሪያ ተጠቀሙበት፤ ጫጩቶችን በተለያየ ዘር አሳዳጊዎች ሥር አደረጉና በ2005 ውጤቱን አሳተሙ። የአሳዳጊዋ ጠባይ በሥጋ ልጆቿ ባልሆኑ ጫጩቶች ላይ ምልክቱን ትቶ ተገኘ። ዘሩም አልጠፋም፤ ሁለቱም በአንድነት ይሠሩ ነበር። አብሮነቱ ሁለት ሳምንት እንኳ የማይሞላ መሆኑ ነው የሚያስደንቀን።

እናት ከሙቀት ሌላ የምትሰጠው ነገር መኖሩን በመራራ መንገድ የተማሩም አሉ። በአሜሪካ አገር ሊጠፉ የተቃረቡትን ነጫጭ የክሬን ወፎች ለማብዛት ሲባል፣ ከ1975 ጀምሮ እንቁላሎቻቸው በአይዳሆ ግዛት ግሬይስ ሌክ በሚባል ስፍራ በሌላ የክሬን ዝርያ ጎጆ ውስጥ ይደረጉ ነበር። አሳዳጊዎቹ ደጎች ነበሩ፤ አቀፉ፣ መገቡ፣ የፍልሰቱን መንገድም አስተማሩ። ልጆቹ ግን የአሳዳጊዎቻቸውን መልክ የራሳቸው አድርገው ስላደጉ፣ ሲጎለምሱ ከገዛ ወገናቸው ጋር ጥንድ ሳይሠሩ ቀሩ። ሥራው በ1980ዎቹ መጨረሻ ቆመ። ድርጭትን በድርጭት ማሳደግ ይህ ሥጋት የለበትም፤ ነገር ግን «የትኛዋም ሞቃት ወፍ ትበቃለች» ለሚሉ ይህን ማስታወስ ይገባል።

በሌላው ወገን የሚነሣውን ክርክር አንሸሽም። ከተሞችን እንቁላልና ሥጋ መመገብ ያለበት እርባታ ለአራት ጫጩት አንዲት እናት ሊመድብ አይችልም፤ የማሽኑን ጥቅም የሚክድ የቁጥር ጠላት ነው። ቅሬታችን ማሽኑ ላይ ሳይሆን ማሽኑ ስላለ እናቲቱን እንደ አሮጌ መብራት የመቁጠር ልማድ ላይ ነው።

ይህ ልማድ ከድርጭት ይልቅ በዶሮ በኩል ወደ አገራችን ይመጣል። ድርጭት በእኛ ዘንድ በደጋው ሣርና አዝመራ መካከል የምትሰማ የዱር ወፍ ናት፤ ዶሮ ግን በየደጃፉ አለች። ቋንቋችን ሰው ልጁን ሲያቅፍና ዶሮ እንቁላሏን ስታቅፍ አንድ ግስ ይበቃዋል። የአገር ቤቷ ዶሮ ጥቂት እንቁላል ጥላ ሃያ አንድ ቀን ታቅፋለች፣ ከዚያም ለሳምንታት ጫጩቶቿን ይዛ ትዞራለች፤ በዓመት የምትጥለው ከውጭ ከመጣችው ሌግሆርን እጅግ የሚያንሰው በከፊል በዚህ ነው። እንቁላል የሚፈልጉ ቤተሰቦች እንዳታቅፍ ከጎጆዋ ያርቋታል፣ ለጎረቤት ይሰጧታል፣ አንዳንዴም ወደ ታች ዘቅዝቀው ያንጠለጥሏታል። የመጨረሻውን ጭካኔ እንጂ ብልሃት አንለውም። ሌግሆርን ግን ተንጠልጥላም ሳትንጠለጠል አታቅፍም፤ ስለዚህ «የተሻለች» ትባላለች። ለማን ነው የተሻለችው? ማሽን፣ አስተማማኝ መብራትና የጫጩት አቅራቢ በአጠገቡ ላለው አርቢ እርግጥ ናት። እነዚህ ለሌሉት ገበሬ ግን የምታቅፈዋ ዶሮ መፈልፈያውም ማሞቂያውም ጠባቂውም ናት፤ ወደፊት የሚኖሩትም ዶሮዎች በእርሷ በኩል ነው የሚመጡት።

ስለዚህ በአገራችን የዶሮ ዝርያን የሚመርጡ ባለሙያዎች እንቁላል ሲቆጥሩ የማቀፍን ባሕርይም ቢመዘግቡ እንወዳለን። ትጠበቅ ወይም ትቀነስ የሚለው የእነርሱ ውሳኔ ነው፤ ሳይለኩት ግን አይወስኑ። ሲለኩም የድርጭቷን ነገር ያስቡ፤ በጎጆ ውስጥ ያልታየ ሁሉ በዘር ውስጥ የለም ማለት አይደለም።

ለተማሪዎቻችን ደግሞ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ሙከራ ከውጭ በመጣ መሣሪያ ብቻ የሚሠራ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ይህኛው የሚጠይቀው አየር የሚያስገባ ትንሽ ሳጥን፣ ጨለማና ትዕግሥት ነው። ድርጭት ባይገኝ ዶሮ አለ፤ በዶሮም ላይ ይኸው ዘዴ ተሠርቶበታል። አንድ የሳይንስ ክበብ ለመሞከር ቢያስብ ጫጩቶቹ የአንድ ቀን ይሁኑ፣ ቁጥራቸው ይነስ፣ ወደ እናቲቱ ሲገቡ የሞቁና የደረቁ ይሁኑ፤ አውራው ይራቅ። መቀበሏ እስኪረጋገጥ ድረስ መብራቱ በአጠገብ ተዘጋጅቶ ይቆይ፤ የምትጠቀጥቅ እንስት ካለች ጫጩቶቹ ወዲያው ይወሰዱ፣ «ትለምድ ይሆናል» ተብሎ አይጠበቅ። የድርጭት ጫጩት በዕቃ ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ሊሞት የሚችል ትንሽ ፍጥረት ስለሆነ፣ ውሃው ጠጠር በተደረገበት ዝርግ ሳሕን ይቅረብ።

ከዚያ ልኬታው ይጀመር። ጫጩቱ በደቂቃ ስንት ጊዜ ይጮኻል? የክፍሉ ሙቀት በአምስት ዲግሪ ሲወርድ ቁጥሩ ምን ያህል ይጨምራል? እናቲቱ በአንድ ጊዜ ለምን ያህል ደቂቃ ታቅፋለች፤ ይህስ በሦስተኛውና በዘጠነኛው ቀን አንድ ነው? ጫጩቶቹ ያለ እናት፣ በመብራት ሥር ብቻ ካደጉት ጓደኞቻቸው ጋር በክብደት ሲነጻጸሩስ? ሳጥኑን ጠዋት የሚከፍተው ተማሪ ሰዓት፣ ቴርሞሜትርና ደብተር ይዞ ይምጣ፤ ክዳኑን ከማንሣቱ በፊትም ለአንድ ደቂቃ ያህል ጆሮውን ሰጥቶ የሰማውን ይጻፍ።